ዘጠኝ ሁሉ አንድ ዘጠኝ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ከሚቆመው አዟሪ እየገዛሁ ሳነብ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም ለዝግጅት ክፍሉ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብዕሬን ያነሣሁት ባለፈው ወር ያወጣችሁትን፣ ፈቃድ አውጥተው ሽጉጥ ለሚገዙ ሰዎች ስለ ሽጉጥና ስለ ጥይት አመራረጥ ምክር የሚሰጠውን ጽሑፍ ካነበብሁ በኋላ ነው። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ስለ ፈቃድ አስፈላጊነት ያነሡትም ትክክል ነው። ነገር ግን ዝም ብዬ ላልፋቸው ያልቻልኋቸው ሁለት ሐሳቦች አሉበት። አንደኛው፣ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የያዘ ሰው ማንኛውም የ9 ጥይት ስለሚሠራለት በጥይት አይቸገርም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ራሱን ለመከላከል የሚገዛ ሰው አቅሙ የፈቀደለትን ትልቁን ጥይት ይምረጥ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጣት የሚያሳጣ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስሕተትነቱ ቶሎ የማይታይ በመሆኑ ምናልባት የባሰ ጉዳት ሳያደርስ አይቀርም።

እኔ የጦር ስልት አዋቂ አይደለሁም። ከ1972 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በሠራዊቱ ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ባልደረባ ነበርሁ፤ ከዚያ ወዲህ በከተማችን የብረታ ብረት ሥራ ከፍቼ በርና መስኮት ስበይድ ኖሬ አሁን ቤቴ ተቀምጫለሁ። በእነዚያ 11 ዓመታት በእጄ ያለፈውን ሽጉጥ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ከተበላሸው ውስጥ አብዛኛው የተበላሸው ግን በጦር ሜዳ ሳይሆን በባለቤቱ እጅ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ወር፣ ሠርግ በበዛበት ሰሞን፣ ከብቸና ወገን የመጣ አንድ የማውቀው ገበሬ ከጋቢው ሥር በዘይት የራሰ ጨርቅ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ውስጡ በሬታ የሚባለው የኢጣልያ ሽጉጥ ነበር። እንደ ቤተሰቡ አነጋገር አያቱ በጠላት ወረራ ዘመን፣ በላይ ዘለቀ አገሩን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ ከአንድ የኢጣልያ መኮንን ላይ የማረኩት ነው። ታሪኩ እውነት ለመሆኑ ሽጉጡ ራሱ ምስክር ይመስላል፤ በጎኑ ላይ 1937 የሚል የፈረንጅ ዓመትና ከአጠገቡ በሮማውያን ቁጥር 15 ተቀርጿል፤ ያ ቁጥር የፋሽስቶቹ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነው። ሰውየው ፈቃድ እንዳለው ስጠይቀው ወረቀቱን አሳየኝ፤ «ሽጉጥ፣ በሬታ፣ 9 ሚ.ሜ.» ይላል። ችግሩ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ጥይቷ መጨረሻ ላይ ትንሽ ታንገራግራለች እንጂ ትገባለች፤ ከኋላዋ በእንጨት መዶሻ ቸብ ቸብ ሳደርጋት ልትዘጋ ምንም አልቀራትም» አለኝ።

ይህን የሚለኝ ሽጉጡን መልሶ አንሥቶ፣ አፈሙዙን ወደ ገዛ ጉልበቱ አዙሮ ነበር። በላይኛው ተንሸራታች ብረት ጀርባ ላይ የመዶሻው ጭረት በግልጽ ይታያል። ተንሸራታቹ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ የአንድ ጥፍር ውፍረት ያህል ክፍት ሆኖ ቆሟል፤ በዚያ ክፍተትም የጥይቷ ቀለህ ቢጫ ሆኖ ያበራል። እጁን ቀስ ብዬ ይዤ አፈሙዙን ወደ ምድር አዞርሁና ተቀበልሁት፤ በመጀመሪያ ካርታውን (ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን) አወጣሁ፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ስቤ የተቀረቀረችውን ጥይት አወጣሁ። (ቅደም ተከተሉን እንዳለ የጻፍሁት በምክንያት ነው፤ ካርታውን ሳያወጣ ያቀባበለ ሰው አንዷን ጥይት አውጥቶ ሌላዋን ያጎርሳል፣ ከዚያም ባዶ ነው ብሎ ምላጭ ይስባል።)

ጥይቷን ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ለካኋት፤ ማካሮቭ የሚባለው የሩስያ ሽጉጥ ጥይት ነበረች። ስምንት ጥይት ከአንድ ጡረተኛ ዘመዱ አግኝቶ ኖሯል። በበሬታው ጎን ላይ ደግሞ «9 ኮርቶ» የሚል ተቀርጿል፤ ኮርቶ በኢጣልያንኛ አጭር ማለት ነው። ይህን ሳስረዳው ሰውየው አላመነኝም፤ «ዘጠኝ ዘጠኝ ነው እንጂ!» ብሎ ወረቀቱን እንደገና ዘረጋልኝ። በወረቀቱ መሠረት ጥፋተኛው እሱ አልነበረም።

ብረት ሠራተኛ ይህን ለማስረዳት ብሎንና ዳዶ ይበቃዋል። ቁጥራቸው 10 የሆነ ብሎንና ዳዶ ጥርሳቸው ካልተስማማ አይገጥሙም፤ በኃይል ያጠበቃቸው ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። ጥይትም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ የእርሳሱን፣ ማለትም ከአፈሙዝ የሚወጣውን አረር፣ ውፍረት በግርድፉ ይናገራል እንጂ የቀለሁን ርዝመት፣ የቂጡን ስፋትና በውስጡ ያለውን የባሩድ ግፊት አይናገርም። ለዚህ ነው የጥይት ሙሉ ስም ሁለት ቁጥር ያለው፤ የመጀመሪያው ውፍረቱ፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። የበሬታዋ ኮርቶ 9×17 ነው። የማካሮቭ 9×18 ነው። ዛሬ በዓለም ከሁሉ የበለጠ የተስፋፋው ፓራቤለም 9×19 ነው። እስፔኖች ላርጎ የሚሉት፣ ረጅም ማለት ነው፣ 9×23 ነው። እነዚህ አራቱ ሁሉ በገበያ ቋንቋ «ዘጠኝ» ናቸው።

ከዚህ ላይ ማካሮቭ የራሱ ጠባይ አለው። ሩስያውያን የበርሜሉን ስፋት የሚለኩት በውስጡ ካሉት ጠመዝማዛ ጉብታዎች አናት እስከ አናት ስለሆነ የእነርሱ ዘጠኝ ከሌላው ዘጠኝ ይወፍራል፤ የማካሮቭ እርሳስ ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኮርቶና የፓራቤለም 9.02 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይታይም፤ ብረት ግን ያውቀዋል። የማካሮቭ ጥይት በኮርቶ ሽጉጥ ውስጥ የማይዘጋው ለዚህ ነው፤ ረዝሟልም፣ ወፍሯልም። በተቃራኒው ኮርቶ በማካሮቭ ሽጉጥ ውስጥ ቢገባ ሊተኮስ ይችላል፤ ነገር ግን እርሳሱ ቀጭን ስለሆነ የበርሜሉን ጠመዝማዛ በወጉ አይነክስም፤ ሳይሽከረከር ይወጣና ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። በተኳሹ አሳብ ግን ጥይቱ «ሠርቷል»።

ፓራቤለም ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ማካሮቭና የብቸናው ሰው በሬታ (ሞዴሉ የ1934 እ.ኤ.አ. ነው) ሲተኮስ በርሜላቸው ከተንሸራታቹ ጋር የሚቆላለፍበት ነገር የላቸውም፤ የባሩዱን ግፊት የሚይዘው የተንሸራታቹ ክብደትና የሚመልሰው ሞላ ብቻ ነው። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ የተሠራው ግን ለመጠነኛ ጥይት ነው። እንደ ብራውኒንግና ግሎክ ያሉ የፓራቤለም ሽጉጦች ግን በርሜላቸው ከተንሸራታቹ ጋር ተቆላልፎ ለቅጽበት አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ በኋላ ነው የሚላቀቀው፤ በዚያ ቅጽበት ግፊቱ ይወርዳል። ቀለሁ ገና ግፊቱ ሳይበርድ ከመኝታው ቢወጣ የሚፈነዳው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ኢጣልያኖች ከበሬታው በፊት ይይዙት የነበረው ግሊሴንቲ የሚባል ሽጉጥ ከሁሉ የሚያሳስት ነው፤ የጥይቱ ልክ ከፓራቤለም ጋር አንድ ነው፣ ባሩዱ ግን እጅግ የለዘበ ነው። ፓራቤለም ግሊሴንቲ ውስጥ ያለ አንዳች ማንገራገር ይገባል። እንግዲህ «ገባልኝ» ማለት ይስማማል ማለት እንዳልሆነ ጸሐፊያችሁ ይረዱልኝ።

ስታር የሚባለው ሽጉጥም ቢሆን እንደዚሁ ነው። በአገራችን ስሙ ገናና ነው፤ እስፔን ውስጥ ኤይባር በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ነገር ግን ስታር የፋብሪካ ስም ነው እንጂ የጥይት ስም አይደለም፤ በላርጎ የተሠራ አለ፣ በፓራቤለም የተሠራ አለ፣ ከዚያም ያነሰ አለ። «ስታር አለኝ፣ ጥይት አምጣልኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን አንብበህ ተመለስ ብዬ እሰደዋለሁ።

«የቱርክ» እየተባለ ስለሚዞረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከእርሱ ውስጥ ብዙው ሲሠራ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ታስቦ፣ እንደ ዚንክ ካለ ለስላሳ ብረት የተቀረጸና በኋላ በድብቅ የተለወጠ ነው። እንዲህ ያለውን ፈቃድ ያለው ሰው አይገዛውም፤ የሚገዛውም ሰው ጠላቱ ከፊቱ ሳይሆን በመዳፉ ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ልለፍ፤ ትልቁን ጥይት ምረጡ ወደሚለው።

ጎጃም ለመሣሪያ ያለው ፍቅር የሚታወቅ ነው፤ እኔም ከዚያው የወጣሁ ስለሆንሁ አልሸሽገውም። በልጅነታችን ምንሽር ከምንሽር፣ አልቤን ከዲሞትፈር እያወዳደርን ነው ያደግነው፤ ሽማግሌዎቻችን የጠመንጃን ድምፅ ከማዶ ሰምተው የማን እንደሆነ ይለዩ ነበር። ይህ ፍቅር ወደ ሽጉጥ ሲመጣ ግን ያሳስተናል፤ ምክንያቱም የተለመደ ሽጉጥ ሁሉ ከጠመንጃ አንጻር ደካማ ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ኃይሉ፣ ጁል በሚባለው የኃይል መለኪያ፣ ወደ 2000 ይጠጋል። የማካሮቭ ወደ 300 ነው። ፓራቤለም 480 ገደማ ነው። የድሮው የሩስያ ሽጉጥ ቶካሬቭ፣ ጥይቱ ቀጭንና ፈጣን በመሆኑ፣ 500 ይደርሳል። ነጥብ 45 (ልኩ በኢንች ነው) የሚባለው የአሜሪካኑ ኮልት ደግሞ፣ ጥይቱ ያን ያህል ግዙፍ ሆኖ ሳለ፣ ከፓራቤለም ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ከፓራቤለም ወደ 45 ሲሸጋገር ያገኘው የኃይል ትርፍ የለም ለማለት ይቻላል፤ ያገኘው ወፍራም እርሳስና ከባድ ርግጫ ነው፤ የከፈለው ደግሞ የጥይት ቁጥር ነው። ኮልት በካርታው 7 ይይዛል፣ እ.ኤ.አ. የ1935ቱ ብራውኒንግ 13፣ ግሎክ 17።

ይህ ክርክር እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ከተማ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሁለት ባልደረቦቹን በተኩስ ልውውጥ ካጣ በኋላ ጥፋቱን በ9ኙ ጥይት ላይ ጥሎ ወደ ትላልቅ ጥይቶች ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ነጥብ 40 የሚባል አዲስ ጥይት ወጣ፣ ብዙ ፖሊስም ተቀበለው። ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ያው ቢሮ ወደ 9×19 ተመለሰ። ከምክንያቶቹ አንዱ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግልጽ ነው፤ ባልደረቦቹ ርግጫው ቀለል ባለው ጥይት ይበልጥ ይመቱ ነበር፣ ሁለተኛውንም ቶሎ ይተኩሱ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብና ጥይት ያለው ቢሮ እንኳ ለሰዎቹ እጅ የሚስማማውን ሲመርጥ፣ በዓመት አሥር ጥይት የማይተኩስ የእኛ ሰው 45 ለምን እንደሚመኝ አይገባኝም።

የእህቴ ልጅ ነጋዴ ነው፤ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ገበያ እየተዘዋወረ እህል ይሰበስባል። ፈቃድ ለማውጣት ባሰበ ጊዜ ልቡ ኮልት ላይ ነበር፤ አሜሪካኖች ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ሠራዊታችንን ሲያስታጥቁ የመጣ፣ ግርማ ያለው ሽጉጥ መሆኑን ከአባቱ ሰምቷል። እኔ ጋር መጣና አንድ ፈተና ሰጠሁት። ባዶ መሆኑን ሁለታችንም በዓይናችንና በጣታችን ያረጋገጥነውን፣ የአንድ ጓደኛዬን ፈቃድ ያለው ኮልት ሰጠሁትና ከፊት ማነጣጠሪያው ጀርባ፣ በተንሸራታቹ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጥሁ። «ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ሳብ» አልሁት። እጀታው ሰፍቶበት ሌባ ጣቱ ምላጩ ላይ በግድ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ሳንቲም ወለሉ ላይ ሲንከባለል ሁለታችንም ሳቅን። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቴ ብቻ ተሳካለት። ቀጥሎ እጀታው ጠበብ ያለ የፓራቤለም ሽጉጥ ሰጠሁት፤ ከአሥሩ ስድስቱን ሳንቲሙ አልወደቀም። ምንም ጥይት አልባከነም፣ ጎረቤትም አልደነገጠም፣ ልጁ ግን የሚስማማውን አወቀ።

የሳንቲሙ ነገር ቀልድ እንዳይመስል ሒሳቡን ላሳይ። በማካሮቭ ላይ ከኋላ ማነጣጠሪያ እስከ ፊት ማነጣጠሪያ ያለው ርቀት 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ምላጭ ሲነጠቅ የፊቱ ማነጣጠሪያ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያዘነብል በ25 ሜትር ላይ ጥይቱ 19 ሳንቲ ሜትር ይስታል፤ በ7 ሜትር ላይ እንኳ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት የሳንቲም ጠርዝ ከመሆን ብዙም አይበልጥም። ርግጫ የሚፈራ ሰው ደግሞ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ክንዱን ወደ ታች ይጫናል፤ የሚስተው በአንድ ሚሊ ሜትር ሳይሆን በአምስት ነው። እኛ በጥገና ክፍል ይህን ለማጋለጥ ከእውነተኛ ጥይቶች መሐል አንድ የማይተኮስ የልምምድ ጥይት ሰውየው ሳያውቅ እናስገባ ነበር፤ ምላጩ ሲሳብ ድምፅ ሳይኖር አፈሙዙ ወደ ታች ዝቅ ሲል ጀግናው ራሱ ያየዋል። የጥይት ግፊት በክንድ ላይ የሚያሳድረው ጫና ሲሰላ ነጥብ 45 የማካሮቭን እጥፍ ይሆናል፤ ኮልት በራሱ ክብደት ጥቂቱን ይቀንሰዋል፣ ሁሉንም ግን አይቀንስም።

ለኢላማ ተኩስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከዚህም በታች ቢወርድ አያፍርም። በኦሎምፒክ በ25 ሜትር የሚወዳደሩት በነጥብ 22 ነው፤ በ10 ሜትር የሚወዳደሩት ደግሞ በአየር በሚሠራ፣ እርሳሱ 4.5 ሚሊ ሜትር በሆነ ሽጉጥ ነው፤ የኢላማው ባለ አሥር ነጥብ ክብም 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ማለትም ከትንሹ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በዓለም ላይ እጃቸው ከሁሉ የረጋ ተኳሾች የመረጡት ትንሹን ጥይት ከሆነ ልምምድ በትልቁ ይጀመር የሚለው ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ ሽጉጥ ገዝቶ በዚያው ቀን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የታጠቀው እንደዚያ ነው። እዚህ ላይ መሸሸግ የሌለብኝ ነገር አለ፤ በከተማችን ሲቪል ፈቃድ ያለው ሰው በሕግ ጥላ ሥር፣ ጀርባው አፈር በሆነ ቦታ፣ ተቆጣጣሪ ባለበት የሚለማመድበት ሜዳ አላየሁም። ልምምድ የሚባለው የሠርግ ተኩስ ነው፤ ወደ ሰማይ የተተኮሰው ጥይት ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል፤ የማን ጣራ ላይ እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም።

ራስን ስለ መከላከል ጸሐፊያችሁ ብዙ ቢሉም ርቀትን አላነሡም። ሽጉጥ የክፍል ውስጥ መሣሪያ ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ድረስ። ከቡሬ መንገድ ላይ ክላሽ ለያዘ ሰው ሽጉጥ መምዘዝ የቀረችውን ዕድል መጣል ነው፤ የእህቴን ልጅም እንዲህ ካጋጠመህ ገንዘቡን ስጥ ብዬዋለሁ፣ ጎጃሜ ሆኜ ይህን መናገር ቢከብደኝም። ሕጉም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ ሕገ ወጥና የማይቀር ሲሆን፣ በሌላ መንገድም ማስወገድ ሳይቻል ሲቀርና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው፤ ከመጠን ያለፈውን አንቀጽ 79 ለብቻው ያየዋል፣ ቅጣቱ ይቀልለት ይሆናል እንጂ ሁልጊዜ ነጻ አይወጣም። ሽጉጡን መያዝ ራሱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል።

የቤታችን ግድግዳም ይታሰብ። አብዛኞቻችን የምንኖረው በባሕር ዛፍ አጣና ቆመው በጭቃ በተመረጉ ቤቶች ውስጥ ነው፤ በእጃችን የሚገባውም ጥይት በብዛት ለሠራዊት የተሠራ፣ እርሳሱ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለው ጥይት ጭቃውን አልፎ ጎረቤት ጓዳ ይገባል፤ ፈጣኑ ቶካሬቭ ደግሞ ሁለተኛውንም ግድግዳ ሊያልፍ ይችላል። ትልቁንና ኃይለኛውን ጥይት ምረጡ ሲባል ከግድግዳው ማዶ የተኛው ሕፃን በሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ቶካሬቭ ደግሞ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ በፋብሪካ ሲሠራ የእጅ መቆለፊያ የለውም፤ መቺው በግማሽ ተይዞ ይቀመጣል እንጂ። ጥይት አጉርሶ ትራስ ሥር የሚያኖረው ሰው ይህን ካላወቀ ሌሊቱን በሙሉ አብሮት የሚተኛው አደጋ ነው። ማካሮቭ ከዚህ ይሻላል፤ መቆለፊያ አለው፣ የመጀመሪያው የምላጭ ስበቱም ከባድ ስለሆነ ሳይታሰብ በቀላሉ አይተኮስም። ያም ቢሆን ሽጉጥና ጥይት ለየብቻ፣ በቁልፍ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለባቸው፤ ይህን ለማስረዳት ገጽ አላባክንም።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ለሁለቱም ጉዳይ፣ ለልምምድም ለመከላከልም፣ አንድ ሽጉጥ ብቻ የሚኖረው ሰው እጀታው በመዳፉ ልክ የሆነ ባለ 9×19 ይያዝ። ማካሮቭ በሕግ ካለው ማካሮቩን ይያዝ፤ 730 ግራም የሚመዝን፣ ጭቃና አቧራ የማይበግረው መሣሪያ ነው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያጋጠመኝ ጉድለቱ አብዛኛው ካለማጽዳት የመጣ ነው። የአያቱን በሬታ የያዘ ሰው እንደ ቅርስ ያኑረው። ትልቅ ስም ያለውን ፈልጎ ጥይቱን በየመንደሩ ከሚያፈላልግ ሰው ይልቅ፣ ትንሹን ይዞ ጥይቱን በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝና በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚለማመድ ሰው ቤቱን ይጠብቃል።

ለፈቃድ ሰጪዎቹም አንድ ልመና አለኝ። የብቸናው ሰው ወረቀት «9 ሚ.ሜ.» ባይል ኖሮ ያን ሁሉ መዶሻ አይመታም ነበር። የፈቃድ ወረቀትና መዝገብ ላይ የጥይቱ ሙሉ ስም፣ ሁለቱም ቁጥር፣ በርሜሉ ወይም ተንሸራታቹ ላይ እንደተቀረጸው ይጻፍ፤ 9×17፣ 9×18፣ 9×19 ተብሎ። ወረቀቱ ላይ የሚጨምረው ሦስት ፊደል ነው። መዝጋቢው የውጭ ፊደል ማንበብ ካልቻለ በካሊፐር ቢለካ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ካሊፐሩን ከእኔ ለመዋስ ቢፈልጉ ደስታዬ ነው።

ሰውየው ያን ቀን ስምንቱን የማካሮቭ ጥይቶች ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አስረከባቸው፤ በሬታውን ባዶውን፣ በዚያው በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ወሰደው። ዘንድሮ ለፋሲካ ሰላም ሊለኝ ሲመጣ ግን ከኪሱ ያወጣው የእናንተን ጋዜጣ ነበር፤ ልጁ አንብቦለት ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ማንኛውም ዘጠኝ ይሠራል ብለዋልኮ» አለኝ። ስለዚህ እርማቱ በቀጣዩ እትም፣ ጽሑፉ በወጣበት ገጽና በተመሳሳይ የፊደል መጠን ይታተምልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሲወጣ ቆርጬ እንደምልክለት ለልጁ ነግሬዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ እንዲታወቅ የምፈልግ አንባቢያችሁ፣
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም